ድረ ገጻችን ከጋራ ግቢ መቼ ይውጣ?

በዚህ ቡለቲን ላይ አብዛኛውን ጊዜ የምናነበው ዜና እንዴት እንደሚጻፍ ነው። እኔ ዛሬ ማንሳት የፈለግኩት ደግሞ የጻፍነው ዜና ስለሚያድርበት ቤት ነው። ቤቱ ከተዘጋ ዜናው ምን ያህል በጥንቃቄ እንደተጻፈ ማንም አያይም። ይህን ያወቅኩት ከመጽሐፍ ሳይሆን በራሳችን ላይ ከደረሰ ነገር ነው።

ባለፈው ሴሚስተር አንድ እሑድ ማታ በትምህርት ክፍላችን የልምምድ ድረ ገጽ ላይ አንድ አጭር ዜና አወጣን። የብሎክ 12 የውሃ ታንከር እስኪታጠብ ድረስ ከዚያ ሕንፃ ቧንቧ እንዳይጠጣ የሚያሳስብ ነበር። ማሳሰቢያውን ከግቢው ክሊኒክ አረጋግጠን፣ ሁለት ጊዜ አንብበን ነው የለቀቅነው። ሊንኩ በቴሌግራም ግሩፖች ተሰራጨ፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ገጹ ወደቀ። ሊንኩን የነካ ሁሉ የሚያየው ቁጥር 508 የሚል ስሕተትና የሀብት ገደብ መሞላቱን የሚናገር አንድ መስመር ብቻ ሆነ።

ከዚያ የሆነው ነገር እስካሁን ያናድደኛል። ዜናውን ማንበብ ያልቻለ ሰው በሰማው ልክ ራሱ ጽፎ ለቀቀው፤ ሲዞር ያደረውም ብሎክ 21 እየተባለ ነው። ጠዋት የብሎክ 21 ልጆች ጀሪካን ይዘው ሲንከራተቱ የብሎክ 12 ልጆች እንደ ወትሮው ከቧንቧቸው ጠጡ። አንዷ የክፍሌ ልጅ ናት፤ ጠጥታ፣ ፊቷን ታጥባ፣ ክላስ ገባች። ደግነቱ ምንም አልሆነችም። ግን «እናንተ ጋዜጠኞች የት ነበራችሁ?» ስትለኝ መልስ አጣሁ።

በማግስቱ በቀጥታ የሄድኩት ወደ ኮምፒውተር ላቦራቶሪያችን ኃላፊ ነው። «ጋሼ፣ ቪፒኤስ እንግዛ፤ ገንዘቡን እኛው እናዋጣለን» አልኳቸው። እሳቸውም ሳይቸኩሉ፣ «ግዙ ልጄ፣ ማን ከለከላችሁ? ግን መጀመሪያ ሦስት ነገር መልሺልኝ። ገጹን የጣለው ምንድን ነው? ያው ነገር አዲሱ ቤት ድረስ አይከተላችሁም? ክረምት ላይ እናንተ ስትበተኑ ማን ይጠብቀዋል?» አሉኝ። ይህ ጽሑፍ እነዚያን ሦስት ጥያቄዎች ለመመለስ የሄድኩበት መንገድ ነው።

የጋራ ግቢና ኮንዶሚኒየም

ወደ ጥያቄዎቹ ከመግባቴ በፊት ቪፒኤስ ምን እንደሆነ ላስረዳ። ማንኛውም ድረ ገጽ ሰርቨር በሚባል ሁልጊዜ በርቶ በሚያድር ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣል። ርካሹና የተለመደው አቀማመጥ የጋራ ሆስቲንግ ነው። በአንድ ሰርቨር ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ድረ ገጾች አብረው ይኖራሉ፤ ሲፒዩውን፣ ራሙንና ዲስኩን ይጋራሉ።

ተከራይቶ የኖረ ሰው ይህን ቶሎ ይረዳዋል። በአንድ ግቢ ውስጥ አሥር ክፍል ይከራያል፤ የኤሌክትሪክ ቆጣሪው ግን አንድ ነው። ጎረቤት ምጣድ ስትጥድ የእርስዎ አምፖል ይደበዝዛል። ሁለት ሰው አንድ ላይ ከጣደ ፊውዙ ይዘላል፣ ግቢው በሙሉ ይጨልማል። ስለዚህ አከራዩ ለየክፍሉ ገደብ ያወጣል፦ ምጣድ በዚህ ሰዓት አይጣድም፣ ከዚህ በላይ አይሠራም ይላል። የጋራ ሆስቲንግ አከራዮችም ያንኑ ያደርጋሉ። እኛ ያየነው 508 የሚል ስሕተትም ሰርቨሩ ተበላሸ ማለት አልነበረም። የእኛ ድርሻ ስለሞላ ሌሎቹን ላለመጉዳት እኛን ብቻ አጠፉን ማለት ነው።

ቪፒኤስ ደግሞ እንደ ኮንዶሚኒየም ነው። አንድ ትልቅ ሰርቨር በሶፍትዌር ተከፋፍሎ እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ የተመደበ ራም፣ የራሱ ቁልፍ ያለው ሙሉ ኮምፒውተር መስሎ ይሠራል። የራስ በር፣ የራስ ቆጣሪ እንደማለት ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። አይቢኤም አንድን ትልቅ ኮምፒውተር ለብዙ ሰው እንደየራሱ ኮምፒውተር አድርጎ የማካፈል ሥራ የጀመረው በ1960ዎቹ ነው፤ ቪኤም/370 የተባለውን ሲስተም ያወጣውም እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። ዛሬ ብዙ ቪፒኤሶች የሚሠሩበት ኬቪኤም የተባለው ሶፍትዌር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2007 ወደ ሊኑክስ ገባ። ዋጋው ለእንደኛ ዓይነቱ ተማሪ የቀረበው ግን ከዚያ በኋላ ነው።

ነገር ግን ኮንዶሚኒየም ቪላ አይደለም። ደረጃውና ሕንፃው የጋራ ነው። አከራዩ ከአቅሙ በላይ ካከራየ የጎረቤት ጫና ቪፒኤስ ላይም ይሰማል። ሌላም ነገር አለ። በተከራየንበት ግቢ ቧንቧ ሲፈነዳ የምንጠራው አከራዩን ነው። በራሳችን ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሲፈነዳ ግን ባለቤቱ እኛው ነን። ይህን በኋላ እመለስበታለሁ።

አንደኛው ጥያቄ፦ ገጹን የጣለው ምንድን ነው?

እኔ «የሰው ብዛት» ብዬ ነበር የመለስኩት። ጋሼ ሳቁና የሆስቲንጉን መቆጣጠሪያ ገጽ ከፍተው አሳዩኝ። ለእኛ የተፈቀደው በአንድ ጊዜ 20 ሥራ ነው። አንድ አንባቢ ገጽ ሲጠይቅ ሰርቨሩ ላይ አንድ ሥራ ይጀመራል፤ ገጹ ተሠርቶ እስኪሰጠው ድረስ ያ ቦታ ተይዞ ይቆያል። የእኛ ድረ ገጽ በዎርድፕሬስ የተሠራ ስለሆነ እያንዳንዱ ገጽ የሚዘጋጀው አንባቢው ሲመጣ ነው፤ ከዳታቤዝ ጽሑፉ ይወጣል፣ ርእሱ ይደረደራል፣ ገጹ ይገጣጠማል። ይህ በእኛ 2 ሰከንድ ያህል ይፈጅ ነበር።

እንግዲህ ሒሳቡን አብረን እንሥራ። 20 ቦታ አለ፤ እያንዳንዱ ለ2 ሰከንድ ይያዛል። ስለዚህ በሰከንድ ማስተናገድ የምንችለው 10 ገጽ ነው። በ11ኛው ላይ ሰልፉ መርዘም ይጀምራል፤ ትንሽ ቆይቶ ገደቡ ይሞላል። በዚያ እሑድ ማታ የሆነው ይኸው ነው።

አሁን ከሒሳቡ አንዱን ቁጥር እንቀይር። ቦታው 20 ሆኖ ይቅርና አንድ ገጽ የሚፈጀው ጊዜ 0.2 ሰከንድ ይሁን። በሰከንድ 100 ገጽ ይሆናል። ሰርቨር አልገዛንም፣ አንድ ብር አላወጣንም፤ አቅማችን ግን አሥር እጥፍ አደገ። ይህ የሚሆነው በካሽ ነው። ካሽ ማለት ለመጣው እንግዳ ሁሉ እንደ አዲስ እንጀራ መጋገር ትቶ አስቀድሞ ጋግሮ መሶብ ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ዜናችን ለሁሉም አንባቢ አንድ ዓይነት ነው፤ ለእያንዳንዱ እንደገና የሚጋገርበት ምክንያት የለም። ለካስ እኛ ካሹን ጨርሶ አላበራነውም ነበር!

ሁለተኛው ጉዳችን ፎቶ ነው። አንድ የአማርኛ ፊደል ዛሬ ድረ ገጾች በሚጠቀሙበት ዩቲኤፍ-8 በተባለው አጻጻፍ 3 ባይት ይይዛል። 3,000 ፊደል ያለው ዜና 9,000 ባይት መሆኑ ነው፤ ከአንድ ሺህ ባይት ጥቂት እጥፍ ብቻ። በዚያ ዜና ላይ ያስቀመጥነው የታንከሩ ፎቶ ግን ከስልክ በቀጥታ የተጫነ 4 ሜጋባይት ነበር። አንዱ ፎቶ ከ400 በላይ ዜና ያክላል ማለት ነው። ፎቶው የገጹን ማዘጋጃ ቦታ ባይዝም የሰርቨሩን መስመር ያጨናንቃል፤ የተማሪውንም የሞባይል ዳታ ይበላል። አሳንሰን 150 ኪሎባይት ስናደርገው በስልክ ስክሪን ላይ ልዩነቱን ማንም አልለየውም።

ትልልቆቹም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 በአሜሪካ ጥቃቱ ሲደርስ የሲኤንኤን ድረ ገጽ በአንባቢ ብዛት ተጨናነቀ። ባለሙያዎቹ የፊት ገጹን ፎቶና ማስታወቂያ እየቀነሱ ወደ ባዶ ጽሑፍ እስኪጠጋ አቀለሉት፤ ጎን ለጎንም ተጨማሪ ሰርቨር አሰለፉ። ሰርቨር መጨመር የሚችለው ድርጅት እንኳ ገጹን ማቅለል አልናቀም።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ ችግሩ አይከተለንም?

ይከተላል። እኔ ልገዛው የነበረው ርካሹ ቪፒኤስ 1 ጊጋባይት ራም ያለው ነው። ለምሳሌ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙና ዳታቤዙ 400 ሜጋባይት ወሰዱ እንበል። 600 ይቀራል። አንድ ገጽ የማዘጋጀት ሥራ 60 ሜጋባይት ከያዘ በአንድ ጊዜ የሚቻለው 10 ብቻ ነው። በነፃነት ስም ከ20 ወደ 10 ልወርድ ነበር ማለት ነው! ራሙ ሲያልቅ ደግሞ ሊኑክስ ሌላውን ለማዳን ሲል አንዱን ሥራ መርጦ ይገድላል፤ ብዙ ጊዜ የሚገደለው ብዙ ራም የያዘው ዳታቤዙ ነው። ያኔ ገጹ ለአንድ አፍታ ሳይሆን ሰው መጥቶ እስኪያስነሳው ይወድቃል።

ቪፒኤስ የማይፈታቸው ሌሎች ችግሮችም አሉ። ሰርቨሩ አውሮፓ ወይም አሜሪካ ተቀምጦ አንባቢው አዲስ አበባ ወይም ጎንደር ከሆነ መንገዱ ያው ሩቅ ነው። በደካማ የይለፍ ቃል ወይም ባልታደሰ ፕለጊን ምክንያት የተጠለፈ ገጽም ቤት ስለቀየረ አይድንም፤ በሽታውን ይዞ ነው የሚሄደው። ዲስክ ሞላ ከተባለም መጀመሪያ የሚታየው የማይፈለገው ፋይል ነው። «በወር ይህን ያህል ጎብኚ ካለህ ውጣ» የሚል ምክርም አይቻለሁ፤ ብቻውን ግን ምንም አይነግረንም። በወር ውስጥ ተበታትኖ የሚመጣ ብዙ ሰውና በአሥር ደቂቃ ውስጥ የሚመጣ ጥቂት ሰው አንድ አይደሉም።

ታዲያ መቼ ነው የሚወጣው?

እስካሁን ያልኩትን ያነበበ ሰው «ይቺ ልጅ ቪፒኤስ አያስፈልግም እያለች ነው» ሊል ይችላል። አይደለም። የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ፤ ምልክቶቹንም በአምስት ልከፍላቸው እችላለሁ።

አንደኛ፣ ገጹ ቀሎ፣ ካሹ በርቶ፣ ፎቶው ተስተካክሎ፣ አሁንም ገደቡ በሳምንት ደጋግሞ የሚሞላ ከሆነ። አንድ ቀን የመጣ ጎርፍ ምልክት አይደለም፤ የሚደጋገም ሙላት ግን ነው።

ሁለተኛ፣ ገጹ ለእያንዳንዱ ሰው የተለየ ከሆነ። ሰዎች በስማቸው የሚገቡበት፣ የሚመዘገቡበት ወይም የሚገዙበት ድረ ገጽ አስቀድሞ ተጋግሮ ሊቀመጥ አይችልም። የአንዱን ውጤት ለሌላው ማሳየት አይቻልማ! እንዲህ ያለው ገጽ እውነተኛ አቅም ይፈልጋል።

ሦስተኛ፣ ሥራው የጋራ ሆስቲንግ የማይፈቅደውን ሶፍትዌር ከፈለገ። ሌት ተቀን የሚሠራ ፕሮግራም ወይም የተለየ ዳታቤዝ መጫን በጋራ ግቢ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ክልክል ነው።

አራተኛ፣ ጎረቤት ካስቸገረ። በጋራ ሆስቲንግ ውስጥ የአይፒ አድራሻ የጋራ ሊሆን ይችላል። አንዱ ጎረቤት ሕገወጥ ኢሜይል ከላከና አድራሻው ጥቁር መዝገብ ውስጥ ከገባ የእኛም ኢሜይል አይደርስም። አከራዩ ማስተካከል ካልቻለ መውጣት ነው።

አምስተኛ፣ ገጹ ሲወድቅ የሚደርሰው ጉዳት ከቪፒኤሱ ኪራይና ከጠባቂው ድካም ሲበልጥ። ለአንድ ሱቅ ይህ በብር ይሰላል። ለእኛ ግን ማስታወቂያም ሽያጭም የለንም፤ ጉዳታችን ያ ብሎክ 21 የሚለው ወሬ ነው። በብር ባይሰላም ጉዳት ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ፦ ማን ይጠብቀዋል?

እውነቱን ለመናገር ከሦስቱ የከበደኝ ይህ ነው። የገንዘቡን ነገር አስቤበት ነበር። ትንንሽ ቪፒኤሶች በወር ከ5 እስከ 10 ዶላር ይጠይቃሉ፤ ለክፍላችን ልጆች ሲካፈል ብዙ አይመስልም። ግን ክፍያው በዶላር ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ሥርዓቱ ሲለወጥ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አልፏል። የዛሬ መዋጮ ለዓመቱ እንደሚበቃ እርግጠኛ መሆን አይቻልም። ዓለም አቀፍ ካርድ ያለው ሰውም መፈለግ አለበት፤ ያ ሰው ሲመረቅ ክፍያው ይቋረጣል።

ከገንዘቡ የሚብሰው ጥበቃው ነው። አንድ ሰርቨር ኢንተርኔት ላይ ከወጣ ጊዜ ሳይፈጅ አውቶማቲክ ፕሮግራሞች በሩን ማንኳኳት፣ የይለፍ ቃል መሞከር ይጀምራሉ። በጋራ ግቢ ዘበኛው የአከራዩ ነው። በቪፒኤስ ግን ፋየርዎሉን የሚያቆመው፣ ሶፍትዌሩን የሚያድሰው፣ የደኅንነት ሰርተፊኬቱ መታደሱን የሚያየው ባለቤቱ ነው። ኦፕሬቲንግ ሲስተም ራሱ ዕድሜ አለው። ብዙ ሰርቨሮች ይሠሩበት የነበረው ሴንትኦኤስ 7 እ.ኤ.አ. ጁን 30 ቀን 2024 ድጋፉ አብቅቷል፤ ያን ቀን ያላወቀ ባለቤት ቤቱ ክፍት ሆኖ አድሯል።

መጠባበቂያ ቅጂም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 2021 በፈረንሳይ ስትራስቡርግ የኦቪኤች ዳታ ሴንተር ተቃጥሎ አንደኛው ሕንፃ ሙሉ በሙሉ ወደመ። ቅጂያቸውን ሌላ ቦታ ያላስቀመጡ ደንበኞች ውሂባቸውን አጡ። ቅጂ ሁልጊዜ ከሰርቨሩ ውጭ፣ ሌላ ቦታ መቀመጥ አለበት።

እኛ ተማሪዎች ነን። በፈተና ሳምንት ስልካችንን እናጠፋለን፤ ክረምት ላይ እያንዳንዳችን ወደየአገራችን እንበተናለን፤ ከዚያም ተመርቀን እንሄዳለን። የሰርቨሩን ቁልፍ የያዘው ልጅ ሲሄድ ቁልፉ አብሮ ይሄዳል። በዚህ ምክንያት በጋራ ሆስቲንግና በቪፒኤስ መካከል ሦስተኛ መንገድ መኖሩን ማወቅ ጥሩ ነው። ጥበቃውን አከራዩ የሚይዝበት ቪፒኤስ አለ። ዋጋው ከፍ ይላል፣ ነገር ግን የሌሊቱን ሥራ ሌላ ሰው ይሠራልናል። ጠባቂ የሌለው ሰው ቪፒኤስ ከፈለገ ይህኛውን ቢመርጥ ይሻለዋል።

ሲወጣ እንዴት ይወጣል?

የምንወጣበት ቀን ከመጣም የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዳይሆንብን። ከሁሉ በፊት ሙሉ ቅጂ ይወሰዳል፣ ቅጂው መከፈቱም ይሞከራል። ቀጥሎ አዲሱ ሰርቨር ላይ ገጹ ተጭኖ ለአንባቢ ሳይታይ ይፈተናል። ስምን ወደ አድራሻ የሚመራው ዲኤንኤስ ደግሞ የቆየበትን መረጃ ለተወሰነ ጊዜ ስለሚይዝ ከመዛወሩ አንድ ሁለት ቀን በፊት ያ ጊዜ ወደ 300 ሰከንድ ይቀነሳል። አሮጌውም ቤት ወዲያው አይለቀቅም፤ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ሁለቱም ይቆያሉ።

ለአማርኛ ድረ ገጾች ደግሞ አንድ ልዩ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ማይኤስኪውኤል የተባለው ዳታቤዝ እስከ 8.0ኛው ዕትሙ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. እስከ 2018 ድረስ፣ ካልተነገረው በቀር የሚጠቀመው ለላቲን ፊደል የተሠራ አጻጻፍ ነበር። በዝውውር ላይ ይህ ሳይስተካከል ከቀረ ፊደላችን ሁሉ የጥያቄ ምልክት ይሆናል። ያኔ ዓመታት የለፋንበት ማኅደር እንዳለ ይጠፋል። ስለዚህ አሮጌው ከመዘጋቱ በፊት አዲሱ ላይ አንድ ረጅም የአማርኛ ጽሑፍ ከፍቶ ከላይ እስከ ታች ማንበብ ግዴታ ነው።

እኛ ምን ወሰንን?

አልወጣንም። ካሹን አበራን፣ ፎቶዎቹን አሳነስን፣ የማያስፈልጉ አራት ፕለጊኖችን አነሳን። ለአስቸኳይ ማሳሰቢያ ደግሞ ያለ ፎቶ፣ በጽሑፍ ብቻ የሚወጣ ባዶ ገጽ አዘጋጀን። በየሳምንቱ ዓርብ ገደቡ ስንት ጊዜ እንደሞላ በደብተር እንመዘግባለን። ከዚያ ወዲህ የፈተና ፕሮግራም ለውጥ ያወጣንበት ማታ ሰዉ እንደዚያ እሑድ ጎረፈ፤ ገጹ ቆመ፤ መዝገቡ ላይም ዜሮ ጻፍን።

የምንወጣበትን ቀን ግን አሁኑኑ በጽሑፍ አስቀምጠናል፤ ወረቀቱ ላቦራቶሪው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ገደቡ አራት ተከታታይ ሳምንት ከሞላ፣ ወይም ተማሪዎች በስማቸው የሚገቡበትን ክፍል ከጀመርን እንወጣለን። ያኔም ቁልፉን የሚይዙት ሁለት ሰዎች ይሆናሉ፦ አንዱ ተማሪ፣ አንዱ ደግሞ የማይመረቅ ሰው። ጋሼ ይህን ሲያነቡ፣ «የማይመረቀው እኔ ነኝ ማለት ነው?» ብለው ሳቁ። አዎ፣ እሳቸው ናቸው።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። እኔ በዚያ ሰኞ ጠዋት ቅጠሉን ትቼ ሌላ ቤት ልገዛ ነበር የሮጥኩት። ለክፍሌ ልጅ የምሰጣት መልስ አሁን አለኝ፦ እዚያው ነበርን፣ ግን በሩን የሚይዘውን አላየንም ነበር። በሚቀጥለው ጊዜ የብሎኩን ቁጥር ከእኛ ታነባለች። ቸር እንሰንብት።